ቀላሎቹ ስድስት

ፊዚክስ በማትሪክ ኤፍ ያመጣሁበት ትምህርት ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ በኋላ ዳኛ ፊት ቆሜ ስለ ሌፕቶን የተናገርኩት አውቄው እንዳይመስል ነው። እኔ የማውቀው ቋንቋ ነው። ደርግ ሲወድቅ ወታደር ባሌን ተከትዬ ድንበር ተሻገርኩ፣ መጠለያ ጣቢያ ጥቂት ዓመት ኖርን፣ እሱ ሥራ ፍለጋ ናይሮቢ እንደወረደ እዚያው ሌላ ትዳር ያዘ። እኔ ሴት ልጄን ይዤ ወደ ሞያሌ ተመለስኩ፤ ከድንበሩ ወዲህ ወዳለችው፣ ወደ ኬንያዋ ሞያሌ። ኦሮምኛ ከልጅነቴም ነበረኝ፣ ስዋሂሊና እንግሊዝኛውን ስደት አስተማረኝ። ማንያታ በሚባለው ሰፈር የጭቃ ቤት ተከራይቼ፣ ጠዋት ለኢትዮጵያ ሹፌሮች የጉምሩክ ወረቀት እሞላ ነበር። ሐበሻ ሲያዝ ደግሞ ለማስተርጎም ፖሊስ ጣቢያና ፍርድ ቤት ይጠሩኛል።

በዚያ ዓመት፣ ኢትዮጵያ ሚሊኒየሟን ልታከብር ስትሰናዳ፣ ሐበሻ የማይያዝበት ሳምንት አልነበረም። ወጣቶቹ ወደ ደቡብ አፍሪካ ለመድረስ ይወጣሉ፤ ብዙዎቹ ከሆሳዕናና ከከምባታ አካባቢ ናቸው። ጫካ ውስጥ ወይም ጭነት መኪና ላይ ተይዘው ይመጣሉ፣ አቧራቸውን እንደለበሱ ችሎት ይቆማሉ፣ እኔ ከጎናቸው እቆማለሁ። ጥያቄው አንድ ነው። «ያለ ፈቃድ አገር ውስጥ ተገኝተሃል፤ እውነት ነው ወይስ ሐሰት?» እነሱም «እውነት ነው» ይላሉ። እኔም «እውነት ነው ይላል» እላለሁ። በአንድ ጠዋት ሃያ ጊዜ ያልኩበት ቀን አለ። መጀመሪያ አካባቢ የእያንዳንዱን ፊት አይ ነበር፤ እናቱ የት እንደሆነች፣ ስንት ቀን እንዳልበላ እጠይቅ ነበር። በሦስተኛው ዓመት ጫማቸውን ብቻ ነበር የማየው። ሲቆሙ ጫማቸውን አያለሁ፣ ጥያቄውን እላለሁ፣ መልሱን እላለሁ፣ የሚቀጥለው ጫማ ይመጣል።

ያ ሐሙስ ቀን እንዲሁ ያለ ቀን ነበር። ጠዋት ስድስት መዝገብ አስተርጉሜአለሁ። ከሰዓት አንድ ሹፌር ወረቀቱ ተበላሽቶበት ጉምሩክ ደጃፍ ፀሐይ ላይ አቁሞ አዋለኝ። እግሬ አብጦ ጫማዬን በተረከዜ ረግጬ ወደ ቤት ስሄድ አንድ ፖሊስ ከኋላዬ ደረሰና «ማማ፣ ኢንስፔክተሩ ይፈልግሻል» አለኝ። ዐሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል።

ኢንስፔክተሩ ትሑት ሰው ነበር፤ ከታች አገር፣ ከናይሮቢ በኩል የመጣ፣ ሙቀቱ የማይስማማው፣ ሁልጊዜ መሐረቡን አንገቱ ላይ የሚያደርግ። በማግስቱ ፍርድ ቤት የሚያቀርባቸው ዘጠኝ ሰዎች ከኦቦ መንገድ ላይ ተይዘው መጥተዋል። ከዘጠኙ በአንደኛው ቦርሳ ውስጥ ደብተር ተገኝቷል። በአማርኛ የተጻፈ ወፍራም ደብተር ነው።

«አንድ ገጽ ብቻ ተርጉሚልኝ፣ ከዚያ ወደ ቤትሽ» አለኝ።

«ስለ ምን የሚያወራ ነው?» አልኩት።

«እሱን እንድትነግሪኝ እኮ ነው የጠራሁሽ።»

የከፈተልኝ ገጽ መሐል አካባቢ ነው። ከላይ «ቀላሎቹ» የሚል ርዕስ አለው። ከሥሩ ስድስት ክፍል ያለው ሠንጠረዥ፣ በሠንጠረዡ ውስጥ የማላውቃቸው ፊደሎች፣ ከአንዳንዶቹ ጎን ቁጥር። አንድ። ሁለት መቶ ሰባት። ሦስት ሺህ አራት መቶ ሰባ ሰባት። ከዚያ ጽሑፉ ይቀጥላል። እስከ ዛሬ በቃሌ አውቀዋለሁ።

«ቀላሎቹ ስድስት ናቸው። በሦስት ቤተሰብ ይከፈላሉ፤ በየቤተሰቡ ሁለት ሁለት። ከሁለቱ አንዱ ሙል አለው፤ ስለዚህ በቀላሉ ይያዛል። ሁለተኛው ሙል የለውም፤ ግድግዳም ተራራም ሳያግደው ያልፋል፣ የሚያየው የለም ማለት ይቻላል። ከባዶቹ ብዙ አይቆዩም፤ በጉዞ ላይ ሳሉ ወደ ቀላሉ ይለወጣሉ። ሲለወጡ የቤተሰቡ ቁጥር አይዛባም፤ አንዱ ሲጠፋ ድርሻውን የሚተካ ሌላ ይወጣል።»

ደብተሩን ወደ ኋላ ሁለት ገጽ ብገልጥ ኖሮ ነገሩ ባለቀ ነበር። አልገለጥኩም። «ሙል» የሚለውን ቃል አላውቀውም፤ «ሙሉ» ለማለት ፈልጎ የሳተ መሰለኝና «ጭነት የሞላው» ብዬ በእንግሊዝኛ ጻፍኩት። «ጭነት የያዘው በቀላሉ ይያዛል፤ ጭነት የሌለው ሳይታይ ያልፋል።» ቤተሰቡን ቤተሰብ፣ ጉዞውን ጉዞ አልኩ። ከሥሩ ስሜን ጽፌ ፈረምኩ። ሃያ ደቂቃ አልፈጀብኝም። ኢንስፔክተሩ አነበበው፣ እንደገና አነበበው፣ መሐረቡን ከአንገቱ አውርዶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ሦስት ሺህ አራት መቶ ሰባ ሰባት የመኪና ሰሌዳ ይሆናል?» አለኝ።

«እኔ አላውቅም» አልኩትና ወጣሁ። ቤቴ ደርሼ እግሬን ጨው ውኃ ውስጥ ከትቼ ተኛሁ። ስለ ደብተሩ አላሰብኩም።

በማግስቱ ዘጠኙ ቀረቡ። ስምንቱ «እውነት ነው» አሉ፤ ዳኛው ወደ አገራቸው ይመለሱ አሉ። ዘጠነኛው ተለይቶ ቆመ። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ቀጭን፣ የሸሚዙን አንገት እስከ መጨረሻው የቆለፈ። አቃቤ ሕጉ ተነሥቶ ይህ ሰው ሌሎቹን የሚያሻግር ደላላ ሳይሆን አይቀርም፣ የሚያሻግራቸውን ሰዎች በቤተሰብ ከፋፍሎ የመዘገበበት ደብተር ተይዟል፣ ለምርመራ ጊዜ ይሰጠን አለ። የእኔን ትርጉም አነበበ። የራሴን እንግሊዝኛ ከሌላ ሰው አፍ ሰማሁት። ግን ሥራዬ ማስተርጎም ነው፤ ዞሬ ለልጁ በአማርኛ ነገርኩት።

መጀመሪያ የገባው አልመሰለኝም። ከዚያ እጁን አነሣ፤ ተማሪ ጥያቄ ሲጠይቅ እንደሚያነሣው።

«እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ያ የትምህርት ማስታወሻ ነው። ስለ ሰው አይደለም፤ ስለ ሌፕቶን ነው። የተረጎመው ሰው ምን እንደሆነ አልገባውም። አንድ ሰው በትክክል ያንብበው።»

ይህን ለዳኛው በእንግሊዝኛ መናገር ነበረብኝ። አስተርጓሚ ሲናገር በተናጋሪው አፍ ነው፤ «እኔ» ይላል። ስለዚህ «እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ» አልኩ፣ «የተረጎመው ሰው አልገባውም» አልኩ፣ «አንድ ሰው በትክክል ያንብበው» አልኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ዳኛው ወረቀቱን አዩ። ስሜ ከሥሩ አለ፤ ግን የእጅ ጽሑፌ መጥፎ ስለሆነ ይሁን ሳያስተውሉት ቀርተው፣ አልጠየቁኝም። እኔም አልተናገርኩም። ልጁ ለአሥራ አራት ቀን ማረፊያ ቤት እንዲቆይ ታዘዘ። ሲወስዱት ወደ እኔ ዞሮ «አመሰግናለሁ እትዬ» አለኝ።

ሁለት ቀን ምግብ አልዋጥልኝ አለ። ልጄ «ምን ሆነሽ ነው?» ስትለኝ «ደክሞኝ ነው» አልኳት። እውነትም ነበር፤ ግን ድካም እንዲህ አያደርግም። በሦስተኛው ቀን ቻፓቲና ወተት ያለው ሻይ ይዤ ማረፊያ ቤት ሄድኩ። ጠባቂው ያውቀኛልና አግዳሚ ወንበሩ ላይ አስቀመጠን። ልጁ ዓይኑ ቢጫ ሆኗል፤ ወባ ይዞታል።

«እትዬ፣ ያንን ገጽ ማን እንደተረጎመው ያውቃሉ?» አለኝ ገና እንደተቀመጠ። «ያን ሰው ባገኘው በአሥር ደቂቃ አስረዳው ነበር።»

«እኔ ነኝ» አልኩት።

«እርስዎ?» አለ።

«እኔ።»

«ታዲያ እዚያ ቆመው፣ የተረጎመው ሰው አልገባውም እያልኩ ስናገር፣ ያንን ሲያስተረጉሙ የነበሩት...»

«አዎ።»

ተነሣ። ምግቡን አልነካም። በበሩ ሲገባ ግድግዳውን በእጁ እየተደገፈ ነበር። ጠባቂው «ፖሌ፣ ማማ» አለኝ፤ አይዞሽ ማለቱ ነው፣ ልጁ የሥጋ ዘመዴ መስሎት። ቻፓቲውን ለጠባቂው ትቼ ወጣሁ። ኮረብታውን ስወርድ ተቀምጬ ማልቀስ አማረኝ፤ የምቀመጥበት ጥላ አልነበረም፣ ሄድኩ።

በማግስቱ የወባ ኪኒን ገዝቼ ላክሁለት። በሚቀጥለው ቀን ደብተርና እርሳስ ይዤ ራሴ ተመለስኩ። አልወጣም ይላል ብዬ ነበር፤ ወጣ።

«ለምን መጡ?»

«ልማር። የሚቀጥለው ቀጠሮ ላይ ራሴ ነኝ የማስተረጉመው። ካልገባኝ እንደገና አጠፋብሃለሁ።»

የያዝኩትን ደብተር አየ። «በማትሪክ ፊዚክስ ስንት አመጡ?»

«ኤፍ።»

«ጥሩ» አለ፤ ምኑን ጥሩ እንዳለው አላውቅም። «እንግዲህ ያዙ።»

እንዲህ ነበር ያስተማረኝ። ወባው አልለቀቀውም፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይልና ዓይኑን ይጨፍናል፣ እኔ እጠብቀዋለሁ። ነገር ሁሉ ሲከፋፈል ሲከፋፈል መጨረሻ ላይ ከዚያ ወዲያ የማይከፈል ቅንጣት ላይ ይደረሳል አለኝ። ከእነዚህ ቅንጣቶች አንዱ ወገን ሌፕቶን ይባላል። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ነው፣ ቀላል፣ ቀጭን ማለት ነው።

«ቀላሎቹ ያልከው ለዚህ ነው?»

«ለዚህ ነው። አንደኛውን ያውቁታል። ኤሌክትሮን። አምፖል የሚያበራልን።»

«እሱን እንኳ ሰምቻለሁ።»

«ሁለት ከባድ ወንድሞች አሉት፤ ሙዮንና ታው። ሙላቸው እኩል ነው። ሙል ማለት ቻርጅ ነው፣ በአማርኛው። ክብደታቸው ግን ይለያያል። ኤሌክትሮንን አንድ ብንል ሙዮን ሁለት መቶ ሰባት፣ ታው ሦስት ሺህ አራት መቶ ሰባ ሰባት።»

«ሰሌዳ አይደለም ማለት ነው።»

«የምን ሰሌዳ?»

«ኢንስፔክተሩ የመኪና ሰሌዳ መስሎታል።»

ያኔ ሳቀ። ሳቁ ሳል ሆነበትና ጎንበስ ብሎ ቆየ። ከዚያ ስለ ሌሎቹ ሦስት ነገረኝ። ኒውትሪኖ ይባላሉ፤ ለእያንዳንዱ ወንድም አንድ አንድ፣ ደብተሩ ሦስት ቤተሰብ የሚለው እሱን ነው። ሙል የላቸውም፤ ስለዚህ ምንም ነገር አይዛቸውም። አሁን ተቀምጠን ስናወራ በእኔና በእሱ ሰውነት ውስጥ፣ በዚህ ግድግዳ ውስጥ፣ ስፍር ቁጥር የሌላቸው እያለፉ ነው አለኝ።

«ከየት የሚመጡ?»

«አብዛኞቹ ከፀሐይ።»

«ሌሊትስ?»

«ሌሊትም ያው ነው። ፀሐይ ከምድር ወዲያ ስትሆን ምድርን ሰንጥቀው ከታች ይመጣሉ።»

ይህን ስሰማ እግሬን አየሁ። ሞኝነት ነው፤ ግን አየሁ።

የመጨረሻው ኒውትሪኖ፣ የታው ዘመድ የሆነው፣ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ በተሰጣቸው አሮጌ ማስታወሻ ላይ «እስካሁን አልታየም» ይል እንደነበር አጫወተኝ። እሱ ግን ገና ሁለተኛ ደረጃ ሳለ ታይቷል፤ ማስታወሻውን የሚያድስ ሰው አልነበረም። አስተማሪያቸውም ሳያውቅ «አልታየም» ብሎ አስተማራቸው። በኋላ ከአንድ መጽሔት ሲያነብ ነው የተረዳው።

«እኔ ሳስተምር አሮጌ ነገር አላስተምርም አልኩ» አለ። «ደብተሩን የጀመርኩት ለዚያ ነው። በአማርኛ የጻፍኩት ደግሞ ልጆቹ እንግሊዝኛውን ስለማይሰሙት ነው። ክፍል ውስጥ ፕላዝማ አለ፤ እትዬ ፕላዝማ ያውቃሉ? ትልቅ ቴሌቪዥን ነው። ከሳተላይት ትምህርት ይመጣል፣ በፈጣን እንግሊዝኛ። እኔ አብርቼ ከጎኑ እቆማለሁ። ሲጨርስ ጥቂት ደቂቃ ይተርፈኛል። ስድሳ፣ ሰባ ልጅ ምን አለ? ብሎ ያየኛል። በዚያች ጥቂት ደቂቃ ምን አስረዳለሁ? ስለዚህ ማታ ማታ እየጻፍኩ ለልጆቹ አባዝቼ እሰጣለሁ። ሦስት ዓመት እንዲህ አደረግሁ። ከዚያ ደከመኝ። የአጎቴ ልጅ ደቡብ አፍሪካ ሱቅ አለው፤ ና አለኝ።»

«ደብተሩን ለምን ይዘህ ወጣህ? ልብስ እንኳ አልያዝክ።»

«ለማን ልተወው?» አለ።

አራት ጊዜ ሄድኩ። የገባኝን በራሴ ቃል መልሼ እነግረዋለሁ፤ ስሳሳት ያርመኛል፤ እሱ መምህር ስለሆነ በሽታውን ረስቶ ይቆጣኛል። አንድ ቀን «አይለወጡም፣ ይፈርሳሉ ነው የሚባለው፤ ደግሞ ራሴ ነኝ የተሳሳትኩት» ብሎ ደብተሩን ለማረም እጁን ሰደደ። ደብተሩ ግን ፖሊስ ጣቢያ ነው ያለው።

የቀጠሮው ቀን ችሎቱ ሞልቶ ነበር። ከጎዶማ የመጡ የቦረና ሽማግሌዎች በግጦሽ ጉዳይ ተራቸውን እየጠበቁ በኋላ ወንበር ተደርድረዋል። ልጁ ሲጠራ እኔ ከጎኑ ከመቆሜ በፊት ዳኛውን ለመናገር ፈቃድ ጠየቅሁ። አስተርጓሚ ለራሱ አይናገርም፤ ካራኒው፣ የችሎቱ ጸሐፊ፣ ቀና ብሎ አየኝ።

«ክቡር ዳኛ፣ መዝገቡ ውስጥ ያለውን ትርጉም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስህተት ነው። ደክሞኝ ነበር፣ ጽሑፉ ስለ ምን እንደሆነ ሳላጣራ ተረጎምኩት።»

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። «ባለፈው ቀጠሮ እዚህ ነበርሽ።»

«ነበርኩ።»

«ትርጉሙ ስህተት ነው ብሎ ሲናገር ያንን ያስተረጎምሽው አንቺ ነሽ።»

«እኔ ነኝ።»

«ለምን ዝም አልሽ?»

ሌላ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። የወጣው ግን «ፈራሁ» የሚል ነው። ዳኛው ጻፉ። ብዙ ጻፉ። የብዕራቸው ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር። ልጁ ምን እንደተባለ ስላልገባው ወደ እኔ ዘንበል አለ። «ነገርኳቸው» አልኩት በሹክሹክታ።

ከዚያ ዳኛው ልጁን እንዲያስረዳ ጠየቁት። እሱ በአማርኛ፣ እኔ በእንግሊዝኛ፣ ስለ ሌፕቶን ተናገርን። መጀመሪያ ለዳኛው ነበር የሚናገረው፤ ትንሽ ቆይቶ ወደ ሽማግሌዎቹም መዞር ጀመረ፣ የኋላ ወንበር ላይ ያለ ተማሪ እንዳያንቀላፋ እንደሚጠብቅ ሰው። ኢንስፔክተሩ መሐረቡን አንገቱ ላይ አድርጎ ያዳምጣል። ሁለት መቶ ሰባት ምን እንደሆነ ስናገር ራሱን ነቀነቀ። አቃቤ ሕጉ ግን አልተዋጠለትም። «ክቡር ዳኛ፣ ይህን ሁሉ ከማረፊያ ቤት ሆኖ ሊያጠናው ይችላል፤ እሷም እየሄደች ትጠይቀው ነበር» አለ። እውነቱን ነው። ጠባቂው የመዘገበው አለ።

ዳኛው ጥቂት አሰቡና በከተማው ካለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር እንዲጠራ አዘዙ። ሽማግሌዎቹ ተራቸው አለፈና አጉረመረሙ። መምህሩ ከምሳ በኋላ በሞተር ብስክሌት ጀርባ መጣ፤ ወፍራም፣ የተቸኮለ፣ ክፍል ጥሎ የመጣ ሰው። ደብተሩን ሰጡት። አማርኛውን ማንበብ አይችልም፤ ሠንጠረዡን ግን ገና ሲያየው ቅንድቡ ተነሣ። ገጾቹን ወደ ኋላ ገለጠ፤ እኔ ያን ቀን ያልገለጥኳቸውን ገጾች። ሥዕሎች ነበሩ፣ ቀመሮች ነበሩ፣ በሁለተኛው ገጽ ላይ የአቶም ሥዕል በትልቁ ነበር።

«አንድ ጥያቄ ልጠይቀው?» አለ መምህሩ። ዳኛው ፈቀዱ። «ሦስተኛው፣ ከባዱ፣ ወዲያው ይፈርሳል ይላሉ። ኤሌክትሮን ግን አይፈርስም። ለምን?»

አስተረጎምኩለት። ልጁ ሳያመነታ መለሰ። «ታው ከባድ ስለሆነ ከእሱ ወደሚቀሉት ይወርዳል። ኤሌክትሮን ግን ሙል ካላቸው ሁሉ ቀላሉ እሱ ነው። ሙሉን ተሸክሞ የሚወርድበት ሌላ ቅንጣት የለም። ሙል ደግሞ አይጠፋም። ስለዚህ ይቆያል።»

እኔ እንግሊዝኛውን ሳልጨርስ መምህሩ ፈገግ ማለት ጀምሮ ነበር።

«ክቡር ዳኛ» አለ፣ «ይህ ሰው መምህር ነው። እኔ ኮሌጅ የተማርኩት ነው፤ ከስድስቱ ሁለቱን ስማቸውን ረስቼው ነበር። እኛ ትምህርት ቤት መምህር ያጣንበት ክፍል አለ፤ ወረቀት ቢኖረው ኖሮ ዛሬውኑ ይዤው እሄድ ነበር።»

ሰው ሳቀ። ዳኛው አልሳቁም።

የደላላነቱ ክስ ተነሣለት። ያለ ፈቃድ የመግባቱ ግን አልተነሣለትም፤ «እውነት ነው ወይስ ሐሰት?» አልኩት፣ «እውነት ነው» አለ፣ «እውነት ነው ይላል» አልኩ። የታሰረው በቂ ነው፣ ወደ አገሩ ይመለስ ተባለ። ዳኛው ከመነሣታቸው በፊት ለእኔ አንድ ነገር ተናገሩ። «ሳታውቂ ስትቀሪ አላውቅም በይ። ፍርድ ቤቱ አላውቅም የሚለውን ቃል መስማት ይችላል።»

በነጋታው ጠዋት ድንበሩ ላይ ሲያስረክቡት ሄድኩ። ከማረፊያ ቤት እስከ መሻገሪያው በእግር የሚደረስ ነው፤ ግን በመኪና አመጡት። ደብተሩ ተመልሶለት ይዞታል፤ እያንዳንዱ ገጽ ላይ የመረጃ ማኅተም ተመትቶበታል። ሐምራዊው ቀለም ቀመሮቹን አልፎ ወደ ጀርባው ዘልቋል።

«ይቅርታ አድርግልኝ» አልኩት።

«የእነዚያ የስምንቱ ጉዞ ቀጥሏል ይሉኛል» አለ። «ከተመለሱ በኋላ በሌላ በኩል ገብተዋል። እኔ እዚህ ወባ ይዤ ቀረሁ። ይቅር አልልዎትም አልልም፤ ግን ዛሬ አይደለም እትዬ።» ከዚያ ጥቂት ራመድ አለና ተመለሰ። «ሙል የሚለውን ቃል ግን እቀይረዋለሁ። እርስዎ ከተሳሳቱበት ልጆቹም ይሳሳቱበታል።»

የትኞቹ ልጆች እንደሆኑ አልጠየቅሁትም።

ወዲያ ማዶ፣ በኢትዮጵያዋ ሞያሌ፣ ከአንድ ቡና ቤት ጓሮ ክፍል ተከራይቶ ሦስት ሳምንት ያህል ተቀመጠ፤ ወባው መንገድ አላስኬድ ብሎት። ሁለት ቅዳሜ ተሻግሬ ጠይቄዋለሁ። በመጀመሪያው ተኝቶ ነበር፤ የገዛሁለትን ብርቱካን ወንበር ላይ ትቼ ተመለስኩ። በሁለተኛው ተቀምጦ ቡና ቤቱ ደጃፍ ላይ ለባለቤቷ ልጅ ክፍልፋይ እያስረዳ አገኘሁት። ብዙ አላወራንም። ሻይ ጋበዘኝ። ሥራ ትቶ ስለወጣ ትምህርት ቤቱ መልሶ እንደማይቀበለው፣ ወንድሙም እናቱም ስልክ ሲደውሉ «ገና አልደረስክም?» ብቻ እንደሚሉት ነገረኝ። ለመሄድ ስነሣ በሁለት እጁ ጨበጠኝ። ይቅርታው ያ ይሁን ሌላ አላውቅም፤ እኔ ይቅርታ ነው ብዬ ወሰድኩት።

በሦስተኛው ቅዳሜ ክፍሉ በሩ ተከፍቶ እየተጠረገ ነበር። የቡና ቤቱ ባለቤት «በጠዋት በጭነት መኪና ሄደ» አለችኝ።

«ወደ ላይ፣ ወደ አገሩ ነው፣ ወይስ ወደ ታች?»

«አልጠየቅሁትም» አለች፣ መጥረጊያዋን ሳታቆም።

ከዚያ በኋላ ስለ እሱ የሰማሁት የለም። ከታች የሚመለሱ ሹፌሮችን ጠይቄአለሁ፤ ፊዚክስ መምህር የሚባል ሐበሻ አይተው የሚያውቁ አልገጠሙኝም። እኔም ዳኛው ያሉኝን አደረግሁ። ቃል ሲቸግረኝ «አላውቅም፣ ልጠይቀው» እላለሁ፣ ዞሬ እጠይቃለሁ፣ የተከሳሹን ፊት እያየሁ። መዝገቡ ይጓተታል። አቃቤ ሕጉ ሰዓቱን ያያል። በዓመቱ አካባቢ ከእኔ የሚፈጥን፣ ኦሮምኛም አማርኛም የሚችል ጎልማሳ አገኙ፣ የሚጠሩኝ ቀን እየቀነሰ ሄደ። አልተቆጣሁም። ደክሞኝ ነበር፤ እሱም ይደክመዋል። አሁን ጠዋት ጠዋት የሹፌሮቹን ወረቀት እሞላለሁ፣ ከሰዓት እቤቴ እተኛለሁ፣ እግሬም እብጠቱ ቀሎልኛል።